ለየፊቱ ወዝ የሚስማማውን ቅባት ስለ መምረጥ

በቋንቋችን «ወዝ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ሠራተኛ በድካሙ የሚያፈሰው ላብና ጕልበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የጤናማ ሰው ፊት ከውስጥ አውጥቶ የሚያሳየው ልስላሴና ድምቀት ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን የሰው ፊት የራሱ የሆነ ቅባት እንዳለው ሐኪም ሳይነግራቸው ዐውቀውት ኖረዋል ማለት ነው። የዛሬው ንግግራችን መነሻም ይኸው ነው። ፊት ጠፍ መሬት አይደለም፤ የራሱ ወዝ ያለው ነው። ስለዚህ ከውጭ የምንጨምርለት ቅባት ከዚያ ወዝ ጋራ ሊስማማ ይገባዋል እንጂ፣ ጎረቤት ስለ ተቀባችው ወይም ጠርሙሱ ስላማረ ብቻ የሚመረጥ አይደለም።

ይህን ነገር በተለይ በአዊ ምድር ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ዳንግላም ከ2100 ሜትር በላይ ናት። ክረምቱ ረዥም፣ ጭጋጉ ብዙ ነው፤ ዝናሙ ካባራ በኋላ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ፣ ደረቁም ነፋስ ጕንጭን ይሰነጥቃል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ግራር ተክለው ከሰል የሚያከስሉ ገበሬዎች ፊታቸውን ለወላፈንና ለጥላሸት ሰጥተው ይውላሉ። በየቤቱ እንጀራ የሚጋግሩ እናቶችና እኅቶችም እንደዚሁ ናቸው። ከቆላው ከጃዊ ወደ እንጅባራ ለትምህርት የሚመጣ ወጣት፣ በዚያው በአንድ ዞን ውስጥ ሳለ፣ ፊቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል፤ በአገሩ ያብለጨልጭ የነበረው ቆዳ እዚህ ይደርቃል፣ ይገረጣል። በዚህን ጊዜ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ ቅቤ ተቀባ ይለዋል፤ ሌላው ከሱቅ የሚሸጥ ብልቃጥ ያሳየዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊትን ባንድ ሳምንት የሚያቀላ ክሬም አለ ይለዋል። ከሦስቱ ምክሮች አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ብጉር፣ አንዱ ደግሞ የማይመለስ ጠባሳ ሊያስከፍል ይችላልና ነገሩን ቀስ ብለን እንመርምረው።

በመጀመሪያ ቆዳ እንዴት እንደ ተሠራ እንመልከት። የላይኛው የቆዳ ሽፋን በድንጋይና በጭቃ እንደ ታነጸ ግንብ ነው። ድንጋዮቹ ደርቀው የተነባበሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከላቸው ገብቶ የሚያያይዛቸው ጭቃ ደግሞ ልዩ ልዩ ስብ ነው። ይህ ግንብ ደኅና ሲሆን በሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ውጭ አይተንም፤ ከውጭም ጀርምና ቆሻሻ በቀላሉ አይገባም። ከዚህ በላይ ደግሞ በየጠጕሩ ሥር ያሉ ዕጢዎች ወዝን እያመነጩ ፊትን ይቀቡታል። ይህ ወዝ ከብዙ ዐይነት ስብ የተቀላቀለ ነው፤ ሩቡ ያህል እንደ ሰም ያለ ነገር ሲሆን፣ ከዐሥር አንዱ ያህል ደግሞ ስኳሊን የሚባለው ዘይት ነው። ወዙ በጕርምስና ይበዛል፤ በእርጅና፣ ይልቁንም ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ፣ ይቀንሳል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይገኛል። ቅባት ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይተን ይከድናል እንጂ። በደረቅ ፊት ላይ ዘይት ማፍሰስ ባዶ ማሰሮ ከድኖ እንደ ማስቀመጥ ነው። ፊቱን ታጥቦ፣ ገና እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ በላዩ ጥቂት ቅባት የሚያሳርፍ ሰው ግን ውሃውን በቤቱ ዘግቶ አስቀረው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር የዘይቶች ልዩነት ነው። ዘይት ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት የስብ አሲዶች ይለያያሉ። ለዛሬው ጕዳያችን ሁለቱን መለየት ይበቃናል፤ ሊኖሌይክ አሲድንና ኦሌይክ አሲድን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ጆርጅ ቡርና ሚልድሬድ ቡር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር አይጦችን ስብ የሌለበት ምግብ እየመገቡ ሲያሳድጉ፣ ቆዳቸው ቅርፊት እያወጣ ተበላሸ። ከዚህም የተነሣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከውጭ ማግኘት የሚገባው የስብ ዐይነት እንዳለ ታወቀ። ሊኖሌይክ አሲድ ከነዚህ ዋነኛው ነው፤ ከላይ የተናገርንለት የግንቡ ጭቃ የሚሠራው ከርሱ ጭምር ነውና። ብጉር በሚበዛባቸው ሰዎች ወዝ ውስጥም ይኸው አሲድ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ኦሌይክ አሲድ የሚበዛበት ዘይት ደግሞ ለእጅ ለስላሳ፣ ለቆዳ ወፍራም ነው፤ ቶሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሲዘልቅ ግን የግንቡን ጭቃ ሊያላላው ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በጎልማሶች ክንድ ላይ የወይራ ዘይትንና የሱፍ አበባን ዘይት አወዳድረው ባወጡት ጽሑፍ፣ የወይራ ዘይት የተቀባው ቆዳ ግንቡ ሲዳከምና ጥቂት ሲቀላ፣ የሱፍ አበባ ዘይት የተቀባው ግን ሳይጐዳ መቆየቱን ገልጸዋል። ከዚያም አስቀድሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ የወጣ ጥናት፣ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በሆስፒታል ውስጥ የሱፍ አበባ ዘይት ሲቀቡ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን እንደ ቀነሰላቸው አሳይቷል። እንግዲህ የቅባት ምርጫ የውበት ነገር ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ራሳችን ፊት እንመለስ። የቆዳን ጠባይ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማታ ፊታችሁን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ፤ በንጹሕ ፎጣ ሳትፈትጉ አድርቁ፤ ከዚያም ምንም ሳትቀቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። በመስተዋት ስትመለከቱ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጕንጭና አገጭ ሁሉም የሚያብለጨልጭ ቢሆን ቆዳችሁ ወዛም ነው። ሁሉም ሲሳብ፣ ሲያሳክክ ወይም ነጫጭ ቅርፊት ሲያሳይ ደረቅ ነው። ግንባርና አፍንጫ አብለጭልጮ ጕንጭ ደርቆ ቢገኝ ቅይጥ ነው፤ ይህም በብዙ ሰው ላይ ይታያል። ሳሙና ሲነካው የሚያቃጥል፣ በየምክንያቱ የሚቀላና ሽፍ የሚል ቢሆን ደግሞ ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱም የሌለበት ፊት ልከኛ ነው፤ ባለቤቱም ፈጣሪውን አመስግኖ ብዙ ባይነካካው ይሻለዋል። ይህ ፈተና በበጋ አንድ ጊዜ፣ በክረምት አንድ ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው፤ በሐምሌ ጭጋግ ወዛም የነበረ ፊት በታኅሣሥ ውርጭ ሊደርቅ ይችላልና።

ቆዳችንን ካወቅን በኋላ ቅባቱን ከየት እናመጣለን? ብዙ ጊዜ ከቅርብ። በመስከረምና በጥቅምት ወራት የጎጃምን ሜዳ ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ መገኛው ይህችው አገራችን ናት። የኢትዮጵያ ኑግ ዘይት ከመቶው 70 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህም ማለት ቆዳ ለግንቡ የሚፈልገውን ስብ ከሚይዙት ከታወቁት ዘይቶች ጋራ የሚሰለፍ ነው። ቀላል ነው፤ ፊት ላይ አይከብድም። እሾሃሙ ያገራችን ሱፍም በዚህ ረገድ የኑግ ወንድም ነው። ከጃዊ ቆላ የሚመጣው ሰሊጥ ደግሞ ሁለቱን አሲዶች በእኩል መጠን፣ ከመቶ 40 ያህል ያህል፣ የያዘ መካከለኛ ዘይት ነው፤ ከኑግ ይልቅ ወፈር ይላል፤ ሳይበላሽም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

በዚህ መሠረት ወዛም ፊት ያለው ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቅባት የግድ እንዳልሆነ ነው። የራሱ ወዝ ይበቃዋል። ነገር ግን ሳሙና ያበዛ ወይም በነፋስ የዋለ እንደ ሆነ፣ ማታ ማታ ሁለት ጠብታ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በእርጥብ ፊት ላይ ቢያሳርፍ አይጐዳም። በከተማ ሱቆች ጆጆባ የሚባለው ዘይት የተገኘ እንደ ሆነ፣ እርሱ በእውነቱ ዘይት ሳይሆን ፈሳሽ ሰም ስለ ሆነና ከሰው ወዝ ጋራ ዝምድና ስላለው ለወዛም ፊት ተስማሚ ነው። ይህ ሰው ሊርቃቸው የሚገቡት ቅቤ፣ የኮኮናት ዘይትና ወፍራም የወይራ ዘይት ናቸው። ወዙ እንዲጠፋ ብሎ በቀን አራትና አምስት ጊዜ በሳሙና መታጠብም ቆዳውን ከማስቆጣት በቀር ጥቅም የለውም፤ ጧትና ማታ ይበቃል።

ደረቅ ፊት ያለው ሰው በአንጻሩ ቅባት ያስፈልገዋል። ለርሱ የኑግ ዘይት መሠረት ቢሆነው፣ በውርጩ ወራት ደግሞ ከሰሊጥ ጋራ እኩል እየቀላቀለ ቢቀባ ይስማማዋል። የጉሎ ዘይት እጅግ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፤ ከመቶው 90 ያህሉ ሪሲኖሌይክ የሚባል የራሱ ልዩ አሲድ ነው። ስለዚህ ብቻውን ለፊት አይሆንም፤ ከሌላ ዘይት ጋራ በጥቂቱ ሲቀላቀል ግን ለደረቀ ከንፈርና ለቅንድብ ዳር ይረዳል። ከጋምቤላ የሚገኘው የሺአ ቅቤም ለደረቅ ጕንጭ መልካም መክደኛ ነው። የሺፈራው ፍሬ ዘይት ኦሌይክ አሲድ የሚበዛበት ስለ ሆነ፣ ከወይራ ዘይት ጋራ ያለው ጠባይ ይቀራረባል፤ ቆዳቸው ደርቆ ያልተሰነጠቀና ያልተቆጣ ሰዎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እዚህ ላይ በቤተ ክርስቲያን አጸድ የምናየው ያገራችን ወይራ ፍሬው ደቃቅ መሆኑን፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት የሚወጣውም በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ከሚለማው ዘመዱ መሆኑን ልብ በሉ።

ቅይጥ ፊት ያለው ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ፊቱን እንደ ሁለት ማሳ ይመልከተው። ጕንጩን እንደ ደረቅ ይቀባ፤ ግንባሩንና አፍንጫውን ይተው። ፊት ሁሉ በእኩል ይቀባ የሚል ሕግ የለም።

ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ አለባቸው። ለእነርሱ ሽቶ የሌለበት፣ ሥራሥር ያልተነከረበት፣ ብቻውን የተጨመቀ ዘይት ይሻላል። ችፌ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከማናቸውም ዘይት ይልቅ ተራው ቫዝሊን ሊጠቅማቸው ይችላል። ቫዝሊን ከተክል የሚገኝ ባይሆንም የተጣራ ነው፤ ሽታ የለውም፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ገር፣ ተፈጥሯዊ ያልሆነም ሁሉ ክፉ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ሳማም ተፈጥሯዊ ነውና።

ስለ ቅቤ ብቻውን መናገር ያስፈልጋል፤ በአገራችን የቅባቶች ሁሉ እናት እርሱ ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ለማየት ግሽ ድረስ የመጣው ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ፣ አገዎች ቅቤና ማር ወደ ጎንደር ገበያ ይወስዱ እንደ ነበር ጽፏል። ቅቤው በረዥሙ የፀሓይ መንገድ እንዳይበላሽ የመቅመቆ ሥር ቀጥቅጠው በጥቂቱ ይጨምሩበት እንደ ነበርም ይተርካል። ይህ የአገው እናቶች ጥበብ ዛሬም ትምህርት አለው። ቅባት ከሁሉ በፊት ያልተበላሸ መሆን አለበት። አየርና ብርሃን ያገኘው ስብ ይለወጣል፤ የተለወጠው ስብ ደግሞ ቆዳን ያስቆጣል።

ቅቤ ከመቶው 80 ያህሉ ስብ ነው፤ የቀረው ውሃና የወተት ትራፊ ነው። ጀርም የሚያድገው በዚሁ በውሃውና በትራፊው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅቤን በቁስል፣ በተቃጠለ ቆዳ፣ በፈረጠ ብጉርና በሕፃን ዐይንና አፍንጫ ላይ ማኖር አይገባም። ተረከዝን፣ ክርንንና እጅን ማለስለስ ግን ያውቅበታል። በፊት ላይ መቀባት የግድ የሚል ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው ቢኖር፣ ለጋውን፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ የታጠበውን፣ በጥቂቱ ብቻ ይጠቀም። በኮረሪማና በኮሰረት ተነጥሮ ለወጥ የተዘጋጀው ቅቤ ለድስት እንጂ ለጕንጭ አልተሠራም።

አናት ላይ የሚደረግ ቅቤስ? ጠጕርን ያለሰልሳል፤ ክብሩም ልማዱም የታወቀ ነው። ነገር ግን ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባር ሲወርድ በጠጕር ዳር ዳር ጥቃቅን ብጉር እንደሚያወጣ ብዙ ወጣቶች ያውቃሉ፤ ምክንያቱን ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ፕሌዊግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች በአሜሪካ አገር የጠጕር ቅባት በሚያዘወትሩ ጥቁር ወንዶች ግንባር ላይ ይህንኑ ብጉር አይተው «የፖማድ ብጉር» ብለው ሰይመውታል። መድኃኒቱ ቅቤን መተው ብቻ አይደለም። ከግንባር ሁለት ጣት ያህል አርቆ መቀባት፣ በሻሽ መጠቅለል፣ ጧት ግንባርን በሳሙና መታጠብ፣ የትራስ ጨርቅን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ብዙውን ችግር ያቃልላል።

በፊት ላይ ከቶ መደረግ የማይገባቸውንም ነገሮች እንዘርዝር። የተልባ ዘይት ለምግብ መልካም ነው፤ ነገር ግን አየር ሲነካው ቶሎ የሚለወጥና የሚደርቅ ስለ ሆነ ለቀለም ሥራ የሚፈለግ ነው፤ ለፊት አይመረጥም። የባሕር ዛፍና ይህን የመሰለው ኀይለኛ የሽታ ዘይት ሳይበረዝ ቆዳን ያቃጥላል። የሎሚ ጭማቂ ወይም የጤና አዳም ቅጠል የተጨመረበትን ቅባት ተቀብቶ ፀሓይ ላይ መውጣት ደግሞ አደገኛ ነው። በነዚህ ተክሎች ውስጥ ያለው ነገር ከፀሓይ ብርሃን ጋራ ሲገናኝ ቆዳን እንደ እሳት ይልጠዋል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዳነም በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ጤና አዳም በቡና ውስጥ ወዳጅ ነው፤ በፀሓይ ላይ ባለ ፊት ግን ጠላት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ፊትን ያቀላል ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ክሬም ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኀይለኛ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ አለባቸው። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረዥም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፤ የደም ሥርን ያወጣል፤ ሲያቆሙትም ፊት ከመጀመሪያው ብሶ ይነዳል። ሃይድሮኪኖን ዘመን ሲቆይበት ሊያቀላው የተፈለገውን ፊት መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ በኩል ገብቶ ኵላሊትን ይጐዳል። ማድያት የወጣባት እናት ይህን ክሬም ከመግዛቷ በፊት፣ የማድያት ትልቁ አቀጣጣይ ፀሓይ መሆኑን ትወቅ።

ፀሓይን ካነሣን ዘንድ አንድ የተስፋፋ ስሕተት እናርም። ዘይት የፀሓይ መከላከያ አይደለም። ምድር ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ከፍ ባለች ቍጥር ቆዳን የሚጐዳው የፀሓይ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በእንጅባራ ያለ ሰው፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም፣ በባሕር ጠረፍ ካለው ሰው ይልቅ ሩብ ያህል ብልጫ ያለውን ጨረር ይቀበላል። ደመናም ሁሉን አያግድም። እንግዲህ ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ራስ ላይ ጣል የሚደረግ ነጠላ ከማናቸውም ዘይት ይበልጣሉ። የሚቻለው ሰው የፀሓይ መከላከያ ክሬም ይጨምርበት። ዘይትን ለማታ መተው ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ልማድ ነው።

አሁን ስለ አዘጋጀጁ ጥቂት እንበል። በቤት ኑግ ቆልተው፣ አድቅቀው፣ በፍል ውሃ በጥብጠው ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት መግፈፍ የታወቀ ሥራ ነው። ለምግብ ሲሆን መቆላቱ ጣዕም ይሰጣል፤ ለፊት ሲሆን ግን ሳይቆላ የተጨመቀው ይሻላል። ፍሬው ንጹሕ፣ ደረቅና ያልሻገተ ይሁን። ወደ መጭመቂያ የምትወስዱ እንደ ሆነ፣ ሌላ ዘይት እንዳይደባለቅበት ጠይቁ። ዘይቱን ለሁለትና ለሦስት ቀን አዝቅጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ውሃ ባልነካው ትንሽ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ሙሉ አድርጋችሁ በጥላ ቦታ አኑሩት። የኑግ ዘይት ቶሎ የሚለወጥ ስለ ሆነ በጥቂት በጥቂቱ ማስጨመቅ እንጂ ለዓመት ማከማቸት አይገባም። ሽታው ከተለወጠ ለፊት መዋሉ ያብቃ።

አዲስ ቅባት ስትጀምሩ ወዲያውኑ ፊታችሁን አትስጡት። በክንዳችሁ ውስጠኛው ገጽ ላይ የሳንቲም ያህል ስፋት ቦታ መርጣችሁ፣ ጧትና ማታ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀቡት። ካልቀላ፣ ካላሳከከና ሽፍ ካላለ ወደ ፊት ይሻገር። ከዚያም መጠኑ ከሁለት እስከ አራት ጠብታ ይሁን፤ በመዳፍ ሞቅ ተደርጎ፣ በእርጥብ ፊት ላይ በመጫን እንጂ በመፈተግ አይደለም። ከእሳት ዳር ወይም ከከሰል ሥራ የተመለሰ ሰው ጥላሸቱን ሳይታጠብ ቢቀባ ቆሻሻውን በቆዳው ላይ ማተሙ ነውና፣ መታጠቡ ይቅደም። አንድ ቅባት ይስማማ አይስማማ ለማወቅም ቢያንስ አንድ ወር መታገሥ፣ በዚያም ጊዜ ሌላ አዲስ ነገር አለመጨመር ያስፈልጋል።

ቅባት የማይመልሳቸው ነገሮችም አሉ። በቅንድብና በአፍንጫ ዳር የሚወጣ ቅርፊት፣ እንዲሁም ቋቁቻ፣ በቆዳ ላይ ከሚኖር ስብ ወዳድ ፈንገስ የሚመጡ ናቸው። ይህን ፈንገስ በቤተ ሙከራ ለማሳደግ የወይራ ዘይት እንደሚጨመርለት ስታስቡ፣ በእንዲህ ያለ ፊት ላይ ዘይት መደረብ ለሌባ ስንቅ እንደ ማቀበል መሆኑን ትረዳላችሁ። ሥር የሰደደ ጠባሳ የሚተው ብጉር፣ የማይድን ቍስል፣ ስሜት የሌለው ገረጣ ምልክት፣ ቅርጹና ቀለሙ የሚለዋወጥ ጥቁር ነጥብ ያየ ሰውም ዘይት አይፈልግ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ የተናገርነውን በአጭሩ ስንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። አስቀድሞ የራስን ወዝ ማወቅ፤ ቀጥሎ ያልተበላሸውንና የሚስማማውን ቅባት መምረጥ፤ በእርጥብ ፊት ላይ በጥቂቱ መቀባት፤ ፀሓይን በጥላ መከላከል፤ ከሚያቀላ ክሬም መራቅ። የፊት ደኅንነት በጠርሙስ ዋጋ አይለካም። በዳንግላ ገበያ በቁና የሚሰፈረው ኑግ ከባሕር ማዶ ከመጣው ብልቃጥ የሚያንስበት ጊዜ ጥቂት ነው። የምትወልዱ እናቶች ለልጆቻችሁ፣ የምታስተምሩ መምህራን ለተማሪዎቻችሁ ይህን ንገሩ፤ ይልቁንም መልኩን ለመለወጥ ለሚመኘው ወጣት፣ እግዜር የሰጠው መልክ የሚጠበቅ እንጂ የሚታረም አለመሆኑን አስረዱት።